የሚያውቃት መስመር

በአምቡላንስ ማዕከሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ ሲያልቅ በስተግራ ባለችው ጠባብ ክፍል የሚሠራውን ሰው ባልደረቦቹ «ባለ ሠንጠረዡ» እያሉ ይጠሩታል። የመዝገብ ስሙን የሚያውቀው የግል ማኅደሩን የያዘው ክፍል ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምሳ ላይ «ሾርባው ጨው በዝቶበታል» ቢሉት «ከመቼው ጋር ሲነጻጸር?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ቀልድ ሲነገረው ከሳቁ በፊት ምንጩን የሚያጣራ ሰው ነው። ይቀልዱበታል እንጂ አይጠሉትም፤ ቁጥር የጠፋበት ሁሉ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነውና።

አንድ የማይለቀው የሥራ ልማድ አለው። አንድን ፕሮግራም ከአንድ ዳታቤዝ ጋር ባገናኘ ቁጥር፣ ግራፉ አማረ አላማረ ሳይል፣ መጀመሪያ መልሷን አስቀድሞ የሚያውቃትን አንዲት መስመር ፈልጎ ያወጣል። መስመሯ እሱ የሚያውቀውን ከተናገረች ሌላውንም ያምናል፤ ካልተናገረች ሥራውን አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣለትም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። «ማሽኑን መጀመሪያ የምታውቀውን ጠይቀው» ይላል መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ። «በምታውቀው ካታለለህ፣ በማታውቀው እንዴት ልታምነው ነው?» ጥሩ ምክር ነው። እሱን ራሱን ጉድ የሠራውም ይኸው ምክር ነው።

ማዕከሉ ውስጥ ከመቀጠሩ በፊት የግንባታ ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ሚስቱ የልብስ ስፌት አስተማሪ ነበረች። ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ የእሱን ድርሻ ጨምራ ለሁለት የምታወራ ሴት። አልፎ አልፎ ራሷን ያዞራት ነበር፤ «ደም አንሶኝ ነው» ትልና ትንሽ ጋደም ብላ ትነሳለች። ከአራት ዓመት በፊት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ቤት ውስጥ ከልጇ ጋር ሳለች ወደቀች። ልጅቱ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ቢሮ ደወለች። አባት ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ልክ አሥር ሰዓት። ወዲያው አምቡላንስ ጠራ። ከዚያ በኋላ ለጠየቀው ሁሉ የተናገረው እንዲህ ነው።

አምቡላንሱ በራቸው ላይ የቆመው አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ነበር። በዚህ ማንም አልተከራከረም፤ የሕንፃው ዘበኛ መዝግቦታል፣ ጎረቤትም መስክሯል። ሚስቱ ሐኪም ቤት ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች። ሐኪሙ «ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን…» ብሎ ጀመረና የባልየውን ፊት ሲያይ ሳይጨርሰው ተወው። ሳይጨርሰው የተወው ነገር ግን ከጨረሰው ይልቅ ይቆረቁራል።

ባለ ሠንጠረዡ ኀዘኑን የሚያስቀምጥበት ቦታ ጠፍቶት ሳለ አርባ ደቂቃዋን አገኘ። አመለከተ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። የማዕከሉ መዝገብ ጥሪው የገባው አሥር ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ነው ይላል፤ በዚህ ስሌት አምቡላንሱ የደረሰው በዘጠኝ ደቂቃ ነው። ግን ማን ይመነው? በዚያ ጊዜ ስልክ ተቀባዮቹ ጥሪውን መጀመሪያ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፉና፣ ፋታ ሲያገኙ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጡት ነበር። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚይዘው የተገለበጠበትን ሰዓት ነው። ይህን ልማድ የማያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ኮሚቴው ሠላሳ አንድን የመገልበጫ ሰዓት ነው ብሎ ጣለው። የዚያን ቀኗ ስልክ ተቀባይ አገር ለቃ ሄዳለች፣ ተጠርታ አትጠየቅም።

ሾፌሩ «ከወጣሁ ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ መንገድ ላይ አልቆምኩም» ብሎ ማለ። የመነሻ ሰዓቱን የሞላው በገዛ እጁ ስለሆነ ወረቀቱ ምስክር አልሆነለትም። በዚያ ላይ ከወራት በፊት ለጥሪ ሲወጣ ነዳጅ ልቅዳ ብሎ ቆሞ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ነበር። የሞተች ሚስትና የሚያለቅስ ባል ባሉበት የሾፌርን መሐላ ማን ይሰማል? መኪናውን ነጠቁትና በር ጥበቃ ላይ አቆሙት።

ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ማዕከሉ የዳታ ባለሙያ ፈለገ። ባለ ሠንጠረዡ ተወዳደረ። «የእኔ ቤት የሆነው በሌላ ሰው ቤት እንዳይሆን ነው» አላቸው ለጠያቂዎቹ፤ ከልቡ ነበር። ተቀጠረ። እነሆ ሦስት ዓመት በየማለዳው በዚያ በር ይገባል። ሾፌሩ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በሩን ይከፍትለታል። ባለ ሠንጠረዡ ፊት ይነሳዋል። ደህና አደርክ የለ፣ እግዜር ይስጥልኝ የለ። ሰው መጥላት የሚሆንለት ሰው አልነበረም፤ ይህን አንዱን ግን እንደ ሥራ ተያይዞት ነበር።

በአንድ ማክሰኞ የማዕከሉ ኃላፊ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ሰኞ እንግዶች ይመጣሉ» አለችው። «አዳራሹ ውስጥ፣ ትልቁ ስክሪን ላይ፣ ጥሪው መቼ እንደገባና መኪናችን በስንት ደቂቃ እንደደረሰ በግራፍ እንዲታይ እፈልጋለሁ። የአሁኑም የድሮውም። ወረቀት ማገላበጥ አንገሽግሾኛል።»

«የድሮው ሰዓት አይታመንም እኮ። የቁራጭ ወረቀት ዘመን ነው።»

«የስልኩን ማሽን ረሳኸው? ጥሪው በገባባት ደቂቃ ራሱ የመዘገበው አለ፤ እስከ ዛሬ አውጥቶ ያየው ሰው ግን አልነበረም። የስድስት ዓመቱን አምጥተን ዳታቤዙ ላይ ጭነናል። የሰው እጅ ያልገባበት ነው።»

ያ ዳታቤዝ ለትንተና ተብሎ የተለየ ነው። ከስልኩ፣ ከስምሪት ጠረጴዛውና ከመኪኖቹ የመጣው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ግራፍ የሚሠራው ፕሮግራም ደግሞ ዓይን እንጂ ሆድ የለውም፤ የሚያሳየውን ሁሉ ከዚያ መቅዳት አለበት። ባለ ሠንጠረዡ ረቡዕ ጠዋት ሁለቱን ሊያስተዋውቅ ተቀመጠ። የሰርቨሩን አድራሻ ጻፈ፤ ማንበብ እንጂ መነካካት የማይፈቀድለት የተጠቃሚ ስም ከነፓስወርዱ አስገባ። «መገናኘት አልተቻለም» አለው። ደግሞ ሞከረ። «መገናኘት አልተቻለም።» ወደ ኔትወርክ ሰዎቹ ወረደ፤ እነሱ ወደ ሰርቨር ሰዎቹ ላኩት፤ የሰርቨር ሰዎቹ መልሰው ወደ ኔትወርክ ሰዎቹ። የሁለቱ ክፍሎች በር ፊት ለፊት ነው፣ እርስ በርሳቸው ግን የሚነጋገሩት በደብዳቤ ነው። ከምሳ በኋላ አንዱ አዘነለትና የተዘጋውን መንገድ ከፈተለት። «ተገናኝቷል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ አለ።

የመጀመሪያው ግራፍ አሳቀው። የከተማው ሕዝብ ተስማምቶ ጎህ ሳይቀድ የሚታመም ይመስላል። ዳታቤዙ ሰዓቱን የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ ልክ ነው፤ ፕሮግራሙ ወደ አገሩ ሰዓት እንዲመልሰው ሊነገረው ይገባ ነበር። ነገረው። መስመሩ ሁሉ ሦስት ሰዓት ወደፊት ተገፍቶ ቦታ ቦታውን ያዘ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አልጋ በአልጋ ሆነለት።

ቀጥሎ እንደ ልማዱ የሚያውቃትን መስመር ፈለገ። ከራሱ በላይ የትኛዋን ጥሪ ያውቃል? የድሮ ስልክ ቁጥሩን ጻፈ፣ ያን ሐሙስ መረጠ። ጣቱ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ። አንዲት መስመር ወጣች። ጥሪው የገባበት፦ አሥር ሰዓት ከሠላሳ አንድ። መኪናው የደረሰበት፦ አሥር ሰዓት ከአርባ።

«ተበላሽቷል» አለ ጮክ ብሎ። ክፍሉ ውስጥ ግን ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም።

ሐሙስን ሙሉ ስህተት ሲፈልግ ዋለ። ግንኙነቱን አፍርሶ እንደገና ሠራው። ፕሮግራሙ ያረጀ ቅጂ ይዞ እንዳይሆን አጸዳው። ምናልባት የመገልበጫውን ሰዓት አምጥቶብኝ ይሆናል ብሎ አየ። አላመጣበትም፤ የመገልበጫው ሰዓት በሌላ ዓምድ ለብቻው ተቀምጧል። እሱም አሥር ሰዓት ከሠላሳ አንድ ይላል። ያቺ አገር ለቃ የሄደችው ስልክ ተቀባይ ያን ቀን ቁራጭ ወረቀት አልያዘችም፤ እየሰማች ነው የጻፈችው።

ይህን አይቶም አላመነም። ሌሎች ሰዓታቸው የሚታወቅ ጥሪዎችን ሰበሰበ። የገበያው ቃጠሎ፣ ድልድዩ ላይ የተገለበጠው አውቶቡስ፣ የኃላፊዋ አባት ደረጃ ላይ የወደቁበት ቀን። ኃላፊዋ ያን ጊዜ የደወለችበትን ደቂቃ ከገዛ ስልኳ አውጥታ አነበበችለት። አሥር ጥሪ ፈተነ፤ አሥሩም ከደቂቃ ደቂቃ ልክ ሆኑ። ማሽኑ ለሰው ሁሉ እውነት ተናግሮ ለእሱ ብቻ ለምን ይዋሻል? ሌላ ሰው ይህን ጥያቄ ቢጠይቅ መልሱን እዚያው ያገኘው ነበር። ባለ ሠንጠረዡ ግን መስመሯን ያውቃታል፤ አራት ዓመት አብሯት ተኝቶ አብሯት ተነስቷል። ዳታቤዙን በሙሉ በእሷ መዘነው እንጂ እሷን በዳታቤዙ አልመዘናትም።

አርብ ዕለት አንዲት አጭር ትእዛዝ ጻፈ፤ ያቺ የጥሪ ቁጥር ከግራፉ ውጭ እንድትሆን። ምክንያት በሚለው ቦታ «የተበላሸ መረጃ» ብሎ ሞላ። ከመቶ ሺህ መስመር አንድ ብትቀር ምን ይጎድላል? ግራፉ አማረ። ኃላፊዋ መጥታ አየችና «እጅህ ይባረክ!» አለችው። ሲወጣ ሾፌሩ እንደወትሮው ብድግ ብሎ በሩን ከፈተለት። ባለ ሠንጠረዡ እንደወትሮው ፊቱን አዞረ፤ ግን የዛሬው ንቀት አልነበረም፤ ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ነው።

ልጁ አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ራት እየበሉ ሳለ ድንገት ጠየቃት።

«ያን ቀን ስትደውይልኝ ስንት ሰዓት ነበር?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ያን ቀን የትኛው ቀን እንደሆነ አልጠየቀችውም።

«የቱን? የመጀመሪያውን ነው ሁለተኛውን?»

«ሁለት ጊዜ ነው የደወልሽው?»

«ሁለት ጊዜ ነው አባዬ። መጀመሪያ አሥር ሰዓት ላይ ደወልኩ። ‹እንደ ሁልጊዜው ነው፣ አይዞሽ፣ እግሯን ከፍ አድርጊላት፣ ትንሽ ቆይቼ እደውላለሁ› አልከኝ። ጠበቅኩህ። አልደወልክም። ከዚያ አፏ ወደ አንድ ጎን ሲሄድብኝ ሁለተኛ ደወልኩ። ያኔ ነው የጮህከው። ያኔ ነው አምቡላንስ የጠራኸው።»

ባለ ሠንጠረዡ ሳህኑን ከፊቱ ገፋ አደረገ። ሰዓቱን ቀና ብሎ ማየቱ እውነት ነው። አምቡላንስ መጥራቱም እውነት ነው። ሁለቱ መሀል የነበረውን ቆርጦ ጥሎ፣ ጫፍና ጫፉን የሰፋው እሱ ራሱ ነው። ምን ይዞት እንደነበረም አሁን ትዝ አለው፤ ለልጁ ግን ሊነግራት አፉ እንቢ አለ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት በመጨረሻ።

«ለቀስተኛው መሀል ለአያቴ ‹ወዲያው አምቡላንስ ጠራሁላት› ስትላት ሰማሁህ። መጀመሪያ እየዋሸህ መስሎኝ ነበር። ተናደድኩብህ። ከዚያ ደጋግመህ ስትለው… ማመንህ ገባኝ። እንዴት ልንገርህ? እማዬን አጥቻለሁ፣ አንተንም ልጣ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ደግሞ እኔስ? ቁጥሩ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ነበር እኮ። ራሴ መደወል እችል ነበር። አንተ ቆይ ስላልከኝ ቆየሁ።»

ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አስደገፋት። «አንቺ ልጅ ነበርሽ» አላት። «የአባትሽን ቃል አመንሽ። ሌላ ምንም አላደረግሽም። ሰማሽኝ? ምንም።» አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሸክም ይህች ልጅ ብቻዋን ስትሸከም፣ እሱ ከጎኗ ሆኖ የሾፌርን ጥፋት ይቆጥር ነበር። ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ በር ላይ እንደሚቆም ሲነግራት ደግሞ አዲስ ለቅሶ ሆነ፤ ይህን አላወቀችም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ገባ። ያቺን አጭር ትእዛዝ ሰረዛት፤ መስመሯ ወደ ግራፉ ተመለሰች። ለኃላፊዋ ሁለት ገጽ ጽፎ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ፤ የሾፌሩ ቅጣት እንዲነሳ፣ ቅሬታው ሐሰት እንደነበር፣ ከነማስረጃው። ከዚያ ወደ በሩ ወረደ።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ይምጡልኝ» አለ።

ሾፌሩ ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን አየ። ከኋላው ማንም የለም።

«እኔን ነው ጌታዬ?»

«እርስዎን ነው።»

በሩን ለባልደረባው አስረክቦ ተከተለው። ወደ ጠባቧ ክፍል ገቡ። ባለ ሠንጠረዡ የራሱን ወንበር ስቦ አስቀመጠው፤ ራሱ ቆመ። ስክሪኑ ላይ አንዲቷን መስመር ብቻ አወጣለት።

«ይኼ ስልኩ የገባበት ነው። ስልኩ ራሱ የመዘገበው ነው፣ ሰው አልነካውም። ይኼ ደግሞ እርስዎ የደረሱበት ነው።»

ሾፌሩ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ከሠላሳ አንድ ጀምሮ በጣቱ ጉልበቱን እየነካ ቆጠረ። ቆጥሮ ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ዘጠኝ» አለ።

«ዘጠኝ ነው። ያኔም የተናገሩት እውነት ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው፤ ግን እኔ ነኝ። ለኃላፊዋ ጽፌያለሁ። ዛሬ እንግዶቹ ፊትም እናገራለሁ። ይቅርታ ማለት እንኳ…»

ሾፌሩ አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ሲናገር አንቱታው ሁሉ ከአፉ ጠፍቶ ነበር።

«ታውቃለህ፣ እኔም አምኜ ነበር» አለ። «መጀመሪያ ዘጠኝ ነው፣ ዘጠኝ ነው ስል ከረምኩ። ሚስቴ ‹ሳታስበው የሆነ ቦታ ቆመህ ይሆናል› አለችኝ። ልጆቼም ዝም አሉ። ሰው ሁሉ አርባ ሲል ብቻዬን ዘጠኝ እስከ መቼ ልበል? ቆሜ ይሆናል ብዬ ተቀበልኩ። የት እንደቆምኩ ግን ጠፋኝ። እዚያ በር ላይ ተቀምጬ የማስበው እሱን ነው። በዕረፍት ቀኔ ከዚህ እስከ ቤትህ በእግሬ ሄጃለሁ፣ ስንት ጊዜ። እዚህ ጋ ይሆን? እዚያ መብራት ጋ ይሆን? እያልኩ።»

ባለ ሠንጠረዡ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ስደርስ እኮ እስትንፋስ ነበራት» አለ ሾፌሩ። «እጄን ይዛ ነበር። በእጄ ነው የሞተችው ብዬ ነው የኖርኩት።»

ታች አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲደረደር ይሰማል። ሾፌሩ ስክሪኑን አተኩሮ እያየ ቆየና ግንባሩን አኮማተረ።

«ቆይ እስቲ። ኮሚቴው ፊት ‹ልጄ አሥር ሰዓት ላይ ደወለችልኝ› ብለህ ነበር። እሱስ?»

«እሱ እውነት ነው።»

«እና ሠላሳ አንዱን ደቂቃ ምን ስትሠራ ነበር?»

ነገር ፈልጎ አልነበረም። የራሱን ደቂቃ አራት ዓመት ሲፈልግ የኖረ ሰው ነውና ማወቅ ብቻ ነበር የፈለገው። ባለ ሠንጠረዡ ለኮሚቴው፣ ለአማቱ፣ ለልጁም ያልተናገረውን ለእሱ ተናገረ።

«ግራፍ እየሠራሁ ነበር» አለ። «የሲሚንቶ ሽያጭ። አለቃዬ ቀለሙን ቀይረው ብሎኝ ነበር።»